ጥቀርሻ ላይ ሌዘር ሲያርፍ

2002 ላይ ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ኒውዮርክ ግዛት ባለው ሬንሴለር ፖሊቴክኒክ ኢንስቲትዩት ውስጥ አንድ ተማሪ ካርቦን ናኖቱብ የሚባል፣ እጅግ ቀጫጭን የካርቦን ቱቦዎች የሆነ ጥቁር ብናኝ ፎቶ ሊያነሳ ካሜራውን አስጠግቶ ፍላሹን አበራ። ብናኙ ጧ አለ። ከዚያ ተቀጣጠለ። ክብሪት የጫረ የለ፣ ላይተር የለ፣ የነበረው የካሜራ ፍላሽ ብቻ ነው።

ቀልድ ይመስላል፤ ግን በዚያው ዓመት ሳይንስ በተባለው መጽሔት ላይ ወጣ። ተመራማሪዎቹ ያንኑ ፍላሽ ግራፋይት ዱቄት ላይ ሞከሩት፣ ተራ ጥቀርሻ ላይም ሞከሩት፤ ምንም። ሁሉም ካርቦን ነው፣ ሁሉም ጥቁር ነው፣ ሁሉም ብርሃን ይውጣል። ታዲያ አንዱ ሲነድ ሌላው ለምን ዝም አለ? ናኖቱቡ እንደተነደፈ ጥጥ የተንሳፈፈ ስለነበር የዋጠውን ሙቀት የሚያራግፍበት አጣ። ሲሠራ በውስጡ የቀረው የብረት ርዝራዥም እሳቱን እንዳገዘው በኋላ ታይቷል።

ዛሬ የማወራው ስለዚህ ነው። ደቃቅ የካርቦን ቅንጣት ላይ ኃይለኛ ብርሃን፣ በተለይ ሌዘር፣ ሲያርፍበት ምን ይሆናል? መልኩ ብዙ ነው፤ ይፈካል፣ ይተናል፣ ይጮኻል፣ ብርሃን ይጋርዳል፣ አንዳንዴ ደግሞ ጭራሽ ብርሃኑን አሳልፎ ይለቃል። እኔ ግን ስለዚህ ነገር ባነበብኩ ቁጥር የምመለሰው ወደ አንድ ጥያቄ ነው፦ ሙቀቱ በምን ፍጥነት ገባ፣ በምን ፍጥነትስ ወጣ? ይህቺን ከያዛችሁ ሌላው ብዙ አይከብድም።

በቅድሚያ ቅንጣቷን እንተዋወቃት። ላብራቶሪ መሄድ አያስፈልግም፤ በእንጨት የሚበሰልበት ማድ ቤት ገብታችሁ ቀና በሉ። ጣሪያው ላይ የተንጠለጠለው ጥቀርሻ፣ ድስቱ ቂጥ ላይ የተጋገረው ጥላሸት፣ የአሮጌ ናፍጣ መኪና ጭስ ማውጫን ብትነኩ ጣታችሁን የሚያጠቁረው ነገር፣ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲታይ ሁሉም እንደ ወይን ዘለላ የተጣበቁ ክብ ክብ ፍሬዎች ናቸው። አንዷ ፍሬ 30 ናኖሜትር አካባቢ ትሆናለች (ናኖሜትር የሜትር አንድ ቢሊዮንኛ ነው)። የሰው ፀጉር ውፍረት 80,000 ናኖሜትር ገደማ ነው፤ እና በአንዲት ፀጉር ውፍረት ላይ ከ2,000 በላይ ፍሬ ጎን ለጎን መደርደር ይቻላል ማለት ነው። እንዲህም ሆና ግን አንዷ ፍሬ ውስጥ ከአንድ ሚሊዮን በላይ አተም አለ።

ለምን ጠቆረች? ካርቦኑ ፍሬዋ ውስጥ እንደተደራረበ እንጀራ በስስ በስሱ ነው የተነባበረው። በእያንዳንዱ ንብርብር ላይ ደግሞ የአንድ አተም ብቻ ያልሆኑ፣ እንደልባቸው የሚዘዋወሩ ኤሌክትሮኖች አሉ። እነዚህ ኤሌክትሮኖች ምርጫ የላቸውም። ቀዩንም፣ አረንጓዴውንም፣ ሰማያዊውንም፣ ዓይን የማያየውን ኢንፍራሬዱንም ይውጣሉ። የዋጡትን ደግሞ ፒኮሰከንድ በሚባል፣ የሰከንድ አንድ ትሪሊዮንኛ በሆነ ጊዜ ልክ ለአተሞቹ ያካፍሉታል፤ አተሞቹ ይንቀጠቀጣሉ፤ ያ መንቀጥቀጥ ነው ሙቀት የምንለው። ፍሬዋ ከብርሃኑ የሞገድ ርዝመት (የብርሃኑን ቀለም ከሚወስነው ልኬት) በጣም ስለምታንስ ፊቷ ግሎ ጀርባዋ ቀዝቅዞ አይገኝም፤ ሁለንተናዋ ባንዴ ነው የሚግለው።

አሁን ሌዘሩን እናምጣ።

ለዚህ ሥራ ብዙ ጊዜ የሚውለው ያግ የሚባለው ሌዘር ነው። ብርሃኑን በ1,064 ናኖሜትር የሞገድ ርዝመት፣ ማለትም በማይታየው ኢንፍራሬድ ያወጣል፤ ሲፈለግ በክሪስታል አሳልፈው ወደ 532 ናኖሜትር አረንጓዴ ይለውጡታል። ዋናው ነገር ግን ብርሃኑ የሚወጣው እንደ ባትሪ መብራት ዝም ብሎ እየፈሰሰ ሳይሆን በአንድ ቅጽበት ተጠራቅሞ መሆኑ ነው። ቅጽበቷ 10 ናኖሰከንድ አካባቢ ናት፤ ናኖሰከንድ የሰከንድ አንድ ቢሊዮንኛ ነው። በ10 ናኖሰከንድ ብርሃን ራሱ፣ ያ ከሁሉ ፈጣን የሚባለው፣ 3 ሜትር ብቻ ነው የሚሄደው፤ ከበሩ እስከ ሶፋው በሉት።

ጥቀርሻን ለማጋል ስንት ጉልበት ይበቃል? በአንድ ካሬ ሴንቲሜትር 0.2 ጁል ገደማ። ይህ ምንም ማለት አይደለም፤ 100 ግራም የምትመዝን ሎሚ ከጠረጴዛ ላይ አንድ ስንዝር ብታነሱ ያወጣችሁት ጉልበት ያው ነው። ግን ያቺ የሎሚ ጉልበት በ10 ናኖሰከንድ ውስጥ ስትጨመቅ በካሬ ሴንቲሜትር 20 ሚሊዮን ዋት ትሆናለች። የቀትር ፀሐይ በካሬ ሴንቲሜትር የምትሰጠው 0.1 ዋት ነው። ስለዚህ 200 ሚሊዮን እጥፍ። «ኃይለኛ ሌዘር» ሲባል በአብዛኛው እንዲህ ነው፤ ጉልበቱ ትንሽ፣ ጊዜው ግን ከሱ በጣም ያነሰ።

ፍሬዋ ይህን ስትውጥ ለማቀዝቀዝ ጊዜ አታገኝም። ዙሪያዋን ያለው አየር ሞለኪውሎቹን እያጋጨ ሙቀቷን ሊወስድላት ይሞክራል፤ አይደርስም። በጥቂት ናኖሰከንድ ውስጥ 3,700 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ትደርሳለች። የድሮው አምፖል ክር የሚግለው 2,500 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ የፀሐይ ገጽ ደግሞ 5,500 ገደማ። ያቺ ከሁሉ የጠቆረች ብናኝ በአምፖልና በፀሐይ መካከል ሆና ቦግ ትላለች።

ይህ ፍካት ዛሬ ትልቅ የመለኪያ መሣሪያ ሆኗል፤ አጀማመሩ ግን ያስቀኛል። በእሳት ውስጥ የሚለኩት ሰዎች መጀመሪያ የፈለጉት እሱን አልነበረም። ዊክስና ደሊ የተባሉ ተመራማሪዎች 1974 ላይ በአየር ላይ የተንሳፈፈ ብናኝ በሌዘር ሲመታ የሚያወጣውን ብርሃን አይተው የብናኙን መጠን ሊነግረን ይችላል ብለው ነበር። ከዚያ 1977 ላይ ኤክብረት የተባለ ተመራማሪ በእሳት ውስጥ ሌላ ነገር በሌዘር ሲለካ ጥቀርሻው እየፈካ መለኪያውን በጠበጠበት። ለእሱ ችግር ነበር፣ መወገድ ያለበት ረብሻ። 1984 ላይ ሜልተን የተባለ ሰው ነገሩን ገልብጦ በስሌት አሳየ፤ ፍካቱ በዛ ማለት ጥቀርሻው በዛ ማለት ነው፣ ስለዚህ ረብሻውን ራሱን ለኩት። ዛሬ ከናፍጣ ሞተር እስከ አውሮፕላን ሞተር ጭስ ድረስ በዚህ መንገድ ይለካል።

መጠኗንስ እንዴት ያውቃሉ? እዚህ ጋ የምወደው ነገር አለ። ትልቋም ትንሿም ፍሬ በክብደቷ ልክ ነው የምትውጠው፤ ስለዚህ ሌዘሩ ሲመታቸው ሁለቱም እኩል ነው የሚግሉት ማለት ይቻላል። ልዩነቱ የሚመጣው ሲቀዘቅዙ ነው። ከድስት የወጣ ድንች አስቡ። ትንሹን ወዲያው ትልጡታላችሁ፣ ትልቁ ግን ጣት እየለበለበ ያስጠብቃል፤ ምክንያቱም የትንሹ ገላ ከሆዱ አንፃር ሰፊ ነው። ጥቀርሻም እንደዚያው። ፍካቱ በመቶዎች በሚቆጠር ናኖሰከንድ ውስጥ ይከስማል፣ ፈጥኖ ከከሰመ ፍሬዎቹ ደቃቅ ናቸው፣ ከዘገየ ደግሞ ወፈር ያሉ። ከሩቅ ሆነህ፣ ምንም ሳትነካ፣ በዓይን የማይታይን ነገር ልኬት ከመቀዝቀዣ ጊዜው ማወቅ ማለት ነው።

«እሺ፣ ሌዘሩን በእጥፍ ብጨምረውስ? ሙቀቱም በእጥፍ ይሆናል?» አይሆንም። ይህን ለመረዳት ምድጃ ላይ የተጣደ ውሃ ይበቃል። አዲስ አበባ ላይ፣ ከተማዋ ከፍታ ላይ ስለሆነች፣ ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ከፈላ በኋላ እንጨት ብትጨምሩ ውሃው የበለጠ አይግልም፤ ተጨማሪው እሳት ሁሉ ወደ እንፋሎት ነው የሚሄደው። ካርቦንም እንዲህ ያለ ጣሪያ አለው። በተራ የአየር ግፊት ካርቦን አይቀልጥም፣ ከጠጣርነት በቀጥታ ይተናል፤ ይህም የሚሆነው ከላይ ባልኩት ሙቀት አካባቢ ነው። እዚያ ከደረሰ በኋላ የተጨመረው ሌዘር ፍሬዋን ይልጣታል። አተሞች እየተነሱ ይሄዳሉ፤ አብዛኞቹ ሦስት ሦስት ሆነው እንደተያያዙ፣ አንዳንዶቹ ሁለት ሁለት ሆነው። ሁለት ሁለቶቹ ሲግሉ አረንጓዴና ሰማያዊ የቀላቀለ የራሳቸው ብርሃን አላቸው፤ ስኮትላንዳዊው ዊልያም ስዋን 1857 ላይ በእሳት ውስጥ ያጠናው ብርሃን ነው። ጋዝ ምድጃችሁ ላይ የምታዩት ሰማያዊ ነበልባል ውስጥ ያለው አንዱ ቀለም ከዚያው የመጣ ነው።

ለመለኪያ የሚጠቀሙት ሰዎች ይህን ጣሪያ ይወዱታል። ሌዘሩ ትንሽ ቢዋዥቅም ሙቀቱ እዚያው አካባቢ ስለሚቆም ልኬቱ አይናወጥም። ቅንጣቷ ግን እንደነበረች አትቀርም። መሐል ላይ ያለው ጉልበት፣ ማለትም ለመትነን የማያደርሳት ግን በደንብ የሚያግላት፣ ውስጧን ይለውጠዋል። የተዘበራረቀው ንብርብር ይስተካከላል፣ እንደ ሽንኩርት ሽፋን በሽፋን ይሆናል፣ አንዳንዴም መሐሏ ባዶ የሆነ ቅርፊት ብቻ ትሆናለች። ሌዘር የመታው ጥቀርሻ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ካልተመታው ጋር አይመሳሰልም።

አንድ ሌላ መሣሪያ ደግሞ ፍሬዎቹን አንድ በአንድ እያሳለፈ በሌዘር መሐል ያበራቸዋል። ክብደታቸውን ከፍካታቸው ይቆጥራል። በዚህ ዘዴ ከግሪንላንድ በረዶ ተቆፍሮ የወጣ ናሙና ተለክቶ 2007 ላይ ውጤቱ ታተመ፤ ጥቀርሻው ከ1850 በኋላ ሲጨምር፣ 20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ላይ ጣሪያ ሲነካ፣ ከዚያ ሲቀንስ ይታያል። የዚያን ዘመን የድንጋይ ከሰል ጭስ መቶ ዓመት በረዶ ውስጥ ተኝቶ ቆይቶ፣ ሌዘር ሲነካው ፈክቶ መሰከረ።

አሁን ብናኙን ከአየር አውጥተን ውሃ ውስጥ እንክተተው። ውሃ ውስጥ የገባ ጥቀርሻ ምን ይባላል? ቀለም! የድሮ ጸሐፊዎቻችን ብራና ላይ የሚጽፉበትን ጥቁር ቀለም ሲያዘጋጁ ከምጣድና ከድስት ቂጥ ጥላሸት ይፍቁ ነበር። እና «የቀለም ቀንድ» ስንል ሳናውቀው ስለ ናኖ ቅንጣት ነበር የምናወራው።

1992 ላይ ፍሎሪዳ ውስጥ ማንሱር፣ ሶይሎና ቫን ስትራይላንድ የተባሉ ተመራማሪዎች የጥቁር ቀለም ውጥንቅጥ (የካርቦን ፍሬዎች የተንሳፈፉበት ፈሳሽ) በሌዘር ሲመታ የሚያሳየውን ጠባይ አጥንተው አሳተሙ። ውጥንቅጡ የቀጠነ ስለሆነ ብርሃን ያሳልፋል። ደካማ ብርሃን ሲመጣ አብዛኛውን ይለቀዋል። ብርሃኑ ሲበረታ ግን ይዘጋል። መስኮት ነበር፣ በቅጽበት መጋረጃ ይሆናል። ይህ ከለመድነው ተቃራኒ ነው፤ መነጽር ለደካማውም ለብርቱውም ብርሃን እኩል ነው የሚያሳልፈው።

የሚሆነው ምንድን ነው? ፍሬዎቹ ይግላሉ፣ ይተናሉ፣ ብርሃኑ በጣም ከበረታ ደግሞ ትነቱ ወደ ፕላዝማ ይለወጣል፤ ኤሌክትሮኖች ከአተሞቻቸው ተላቀው የሚዋኙበት የጋለ ጋዝ። በዙሪያቸው ያለው ውሃም ይፈላና አረፋ ያበጃል። ፕላዝማውም አረፋውም ከፍሬዋ በጣም ስለሚበልጡ የሌዘሩን ብርሃን በየአቅጣጫው ይበትኑታል። ለዚህ ነው ዓይንንና ስሱ ካሜራን ከሌዘር ለመከላከል የታሰበው። የሰው ዓይን ሲደነግጥ ለመጨፈን ሩብ ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል፤ 10 ናኖሰከንድ የሚቆይ የሌዘር ምት ከዚያ በ25 ሚሊዮን እጥፍ ያጥራል። ሽፋሽፍት አይደርስም። ቀለሙ ግን ይደርሳል፤ ምክንያቱም የሚዘጋው በራሱ በሌዘሩ ጉልበት ነው። ሌባው ራሱ በሩን ይቆልፋል እንደማለት ነው።

ግን እንከን አለበት። አንደኛ፣ ፍሬዎቹ ይቃጠላሉ፤ አንድ ቦታ ደጋግመህ ከመታህ ቀለሙ ይነጣል፣ ስለዚህ ፈሳሹ መዘዋወር አለበት። ሁለተኛ፣ አረፋ ለማበጥ ጊዜ ይፈልጋል። ምቱ ወደ ፒኮሰከንድ ካጠረ አረፋው ከመምጣቱ በፊት ብርሃኑ አልፎ ሄዷል። ያው የፍጥነት ነገር ነው፣ እዚህም አልቀረልንም።

ውሃ ውስጥ ያለው ጥቀርሻ ድምፅም ያሰማል። አንድ ነገር በሌዘር ድንገት ሲግል ይለጠጣልና ጠቅ ይላል፤ ይህ የታወቀ ነው። የካርቦን ጩኸት ግን ከሚጠበቀው በላይ ሆኖ ተገኘ። 1995 ላይ የብራውን ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ምክንያቱን አወጡት፤ የጋለው ካርቦን ከውሃው ጋር ተዋህዶ ካርቦን ሞኖክሳይድና ሃይድሮጅን ይሆናል። ጠጣር ብናኝ በቅጽበት ወደ ጋዝ ሲለወጥ ጩኸቱ ቢበረታ አይገርምም። ከሰልና የውሃ እንፋሎትን በማጋል ጋዝ የሚያመርቱ ፋብሪካዎች የሚጠቀሙበት ኬሚስትሪ ይኸው ነው፤ ልዩነቱ እዚህ ፋብሪካው በዓይን የማይታይ መሆኑ ነው።

ካርቦን ሁሉ ይህን ጠባይ አለው ብላችሁ ግን እንዳትሳሳቱ። ሲ60 የሚባለውን ኳስ መሰል ሞለኪውል ውሰዱ፤ 1985 ላይ ክሮቶ፣ ከርልና ስሞሊ ሂዩስተን በሚገኘው ራይስ ዩኒቨርሲቲ ግራፋይትን በሌዘር አትንነው ያገኙት፣ 1996 ላይ የኖቤል ሽልማት ያሸለማቸው ነው። እሱም ብርቱ ብርሃንን ይገድባል፤ መንገዱ ግን ሌላ ነው። ብርሃን አንዴ የዋጠ ሲ60 ካልዋጠው ይልቅ ሆዳም ይሆናል። መብላት ሲጀምር ነው የሚርበው።

ግራፊን ደግሞ ጭራሽ ተቃራኒ ነው። ግራፊን ከዚያ ከተደራረበው እንጀራ አንዷ ብቻ ስትነሳ ነው፤ የአንድ አተም ውፍረት ያላት፣ የሚያርፍባትን ብርሃን 2.3 ከመቶ የምትውጥ። ብርሃኑ ሲበረታባት የምትውጠው ድርሻ ይቀንሳል። ለምን? ሚኒባስ ታክሲ አስቡ። ኤሌክትሮኖቹ ብርሃን ሲውጡ ከፍ ወዳለ መቀመጫ ይወጣሉ፤ መቀመጫው ከሞላ ረዳቱ በሩን ዘግቶ ይሄዳል፣ ቀሪው ብርሃን ሳይሳፈር ያልፋል። እንደ ጥቀርሻ ለመጋል የሚጠይቀው ጊዜ የለውም፣ ከፒኮሰከንድ ባነሰ ጊዜ የሚያልቅ ጨዋታ ነው። ይህን ጠባይ ተጠቅመው በጣም አጫጭር ምት የሚያወጡ ሌዘሮችን ይሠሩበታል። ካርቦን ሌዘርን ይገድባል፣ ካርቦን ሌዘርን ያሳጥራል። እኔ ይህን መጀመሪያ ሳነብ የተሳሳተ ነገር ያነበብኩ መስሎኝ ነበር።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ላብራቶሪ ላብራቶሪ ከሸተታችሁ፣ የሚቀጥለው ቆዳ ላይ ነው።

የእናቶቻችን ንቅሳት፣ አንገት ላይ ያለው፣ ግንባር ላይ ያለው መስቀል፣ ድድ ላይ ያለው ጥቁረት፣ ጥላሸት በመርፌ ወይም በእሾህ ከቆዳ በታች ገብቶ የቀረበት ነው። ሰውነት ይህን ባዕድ ነገር ማውጣት ይሞክራል። ቆሻሻ ለቃሚ ሴሎች ፍሬዎቹን ይውጣሉ፤ ግን ተጣብቀው ስለተከመሩ ማጓጓዝ አይችሉም፣ ይዘዋቸው እዚያው ይቀመጣሉ። ዕድሜ ልክ።

ወደ እስራኤል ከሄዱ ቤተ እስራኤል ሴቶች መካከል ፊታቸው ላይ መስቀል የተነቀሱ ነበሩ፤ አገር ቤት ከክርስቲያን ጎረቤት ጋር ሲኖሩ የተነቀሱት። እዚያ ሲደርሱ በሌዘር ያስነሱ አሉ፤ ሐኪሞቹም 2004 ላይ ስለሥራው በሕክምና መጽሔት ጽፈዋል። ሥራው ከላይ ያየነው ሁሉ አንድ ላይ ነው። ሌዘሩ በናኖሰከንድ፣ በአዲሶቹ መሣሪያዎች በመቶዎች በሚቆጠር ፒኮሰከንድ ይመታል። ፍሬዎቹ ይግላሉ፣ በዙሪያቸው ያለው ውሃ ይፈነዳል፣ ክምሩ ይሰባበራል። ቆዳው ግን መትረፍ አለበት። አንደርሰንና ፓሪሽ የተባሉ ሐኪሞች 1983 ላይ ያስቀመጡት ሕግ አለ፦ ምቱ ቅንጣቷ ሙቀቷን ለጎረቤት ከምታካፍልበት ጊዜ ማጠር አለበት። ያኔ ቅንጣቷ ትግላለች፣ ጎረቤቷ ብዙም አይሰማም። ምቱ ከረዘመ ሙቀቱ ወደ ቆዳው ፈሶ ያቃጥላል፣ ጠባሳም ይተዋል።

ጠይም ቆዳ ላይ ሌላ ጥንቃቄ ይጨመራል። ቆዳችንን የሚያጠይመው ሜላኒንም ጥቁር ነው፤ ብርሃን ይውጣል፤ ሌዘሩ ሁለቱን ጥቁሮች ለይቶ አያውቅም። የሚለየው የሞገድ ርዝመቱ ነው። ሜላኒን ወደ ኢንፍራሬዱ በተሄደ ቁጥር የሚውጠው እየቀነሰ ይመጣል፣ ካርቦን ግን ከላይ እንዳልኩት ምርጫ የለውም። ለዚህ ነው ለእንደኛ ዓይነቱ ቆዳ 1,064 ናኖሜትሩ የሚመረጠው። ንቅሳት ልታስነሱ ወይም በየውበት ቤቱ «ካርቦን ሌዘር» የሚሉትን ልትሠሩ ከሆነ (እሱም ካርቦን ቀብተው በዚሁ ሌዘር መምታት ነው)፣ መጀመሪያ የምትጠይቁት «ስንት ናኖሜትር ነው?» ብላችሁ ይሁን። መልሱን ከማያውቅ ሰው ፊት ተነሱ።

ምቱ ሲያርፍ ንቅሳቱ በአንዴ ነጭ ይሆናል፤ ብዙ ሰው «ጠፋልኝ» ብሎ ይደሰታል። አረፋ ነው፤ በ20 ደቂቃ ውስጥ ተመልሶ ይጠቁራል። እውነተኛው መጥፋት ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው፣ በሳምንታት፣ ከብዙ ተመላልሶ በኋላ፤ ለቃሚዎቹ ሴሎች የተሰባበረውን በጥቂት በጥቂቱ ሲያነሱት። የሚወስዱትም ከፊሉን ወደ ንፊፊት ነው። ከግንባር የለቀቀ ጥላሸት ንፊፊት ውስጥ ገብቶ ለዓመታት ይቀመጣል፤ ቀዶ ሐኪሞች የተነቀሰ ሰው ንፊፊት ሲከፍቱ ጠቁሮ ያገኙታል።